ለዳማ ያልሆነው የአባቴ ኮርቻ

ሙያዬ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። ገጣባ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚታከም ተምሬያለሁ፤ ለገበሬውም አስተምሬያለሁ። ከሻምቡ ከተማ የሁለት ሰዓት የፈረስ መንገድ ወጣ ባለ የሆሮ ጉዱሩ ደጋ ቀበሌ ውስጥ ስሠራ፣ ጀርባው የተላጠ አህያ ሳይመጣልኝ የሚያልፍ የገበያ ቀን አልነበረም። ባለቤቶቹን እቆጣቸው ነበር። አንዷን እናት፣ በጨው ጭነት አህያዋን አቁስላ ስትመጣ፣ ሰው በተሰበሰበበት አሳፍሬያት አውቃለሁ። በዚያው ዓመት የራሴን ፈረስ በገዛ እጄ አቆሰልኩት።

ፈረሱ ዳማ ነው፤ መልኩም ስሙም። የገዛሁት በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሻምቡ ገበያ ነው። የአገራችንን ፈረሶች ያጠኑ ተመራማሪዎች ስምንት ዓይነት አድርገው ሲለዩዋቸው የሆሮን ፈረስ ከሰላሌው፣ ከባሌው፣ ከከፋውና ከኩንዱዶው ለይተው ራሱን አስችለው ያቆሙታል። እኔ ግን ይህን ሁሉ አስቤ አልገዛሁም። ዓይኑ ንጹሕ፣ ሰኮናው ጠንካራ፣ አረማመዱ ሰጋር ስለሆነ ወደድኩት። ቁመቱ እስከ ጫንቃው 128 ሴንቲ ሜትር ነበር። የበጋው ድርቆሽ አልቆ አዲሱ ሣር ገና ብቅ ሲል ነውና የገዛሁት፣ ጎድኑ ይቆጠር ነበር።

ኮርቻ አልገዛሁም። ኮርቻ ነበረኝ።

አባቴ ከዓባይ ማዶ፣ ከእንጅባራ በኩል የመጣ ሰው ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ከነበረ ቤተሰብ ነው የወጣው። ያ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ጊዮርጊስን እያከበረ የዓድዋን ድል በፈረስ የሚዘክር ነው። አባቴ ወጣት ሆኖ በቡሬ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ሲመጣ ፈረሱን ሸጦ ኮርቻውን ይዞ መጣ። እኔ ልጅ እያለሁ በቤታችን ፈረስ አልነበረም፤ ኮርቻው ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በዓመት ሁለቴ ቅቤ ይቀባ ነበር። ሲሞት ለእኔ የቀረልኝ እሱ ነው። ፊትና ኋላው ከፍ ያለ፣ እንጨቱ በቆዳ የተለበጠ፣ እርካቡ በእግር አውራ ጣት ብቻ የሚያዝ የድሮ ዓይነት ኮርቻ። ሻምቡ ተመድቤ ስሄድ ተሸክሜው ወጣሁ። ዳማን ስገዛ መጀመሪያ ያሰብኩት አባቴ ያልጫነውን ዓመታት ሁሉ እኔ እጭንበታለሁ ብዬ ነው።

ግንቦት ላይ ደግሞ ልክ ሆነ። ከስቶ ነበራ! ጫንቃው ሾሎ፣ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። የኮርቻው ሁለት ሳንቃዎች በአከርካሪው ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ጠፍሩም በሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ተዘለበ። ኮርቻው ለእሱ የተሠራ መሰለኝ።

ሆሮ ክረምቱ ረጅም ነው። ሣሩ ከሰኔ ጀምሮ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ያከራዩኝ ቤተሰቦች ደግሞ ኑግ አስጨምቀው የሚተርፈውን ፋጉሎ በየማታው ይሰጡልኝ ነበር። እኔ በሙያዬ የጥገኛ ትል መድኃኒት ስሰጥ መጠኑን ለማወቅ የእንስሳውን ክብደት መገመት አለብኝ፤ ሚዛን የለም፤ ስለዚህ በሜትር እለካለሁ። የደረቱ ዙሪያ በራሱ ይባዛል፣ በርዝመቱ ይባዛል፣ ሁሉም በሴንቲ ሜትር ሆኖ ለ11,880 ሲካፈል ክብደቱን በኪሎ ይሰጣል። የዳማ መዝገብ አሁንም እጄ ላይ አለ። በግንቦት ደረቱ 142፣ ርዝመቱ 138፤ ክብደቱ 234 ኪሎ ግድም። በመስከረም ደረቱ 156፤ ክብደቱ 283 ኪሎ ግድም።

ሁለቱንም ቁጥር በራሴ እጅ ጻፍኩ። ከሁለተኛው ቁጥር አጠገብ «በጣም ጥሩ ይዞታ» የሚል አለበት። ፈረሱ በአራት ወር 14 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ሳለ ኮርቻው ያው የግንቦቱ ኮርቻ መሆኑን አላሰብኩም። ያደረግሁት ነገር ጠፍሩ ስላጠረ በገመድ መቀጠል ብቻ ነው።

በመስቀል ማግስት፣ ኑጉ ሜዳውን ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ መውለድ ያቃታት ላም አለች ተብዬ ተጠርቼ ስሄድ አንድ ጅረት ጋ ደረስኩ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ኮርቻው ወደ ፊት፣ ወደ ትከሻው ሸርተት አለ። ከጅረቱ ወጥተን ዳገቱን ሲዘል ወደ ቀኝ ዞረ። ዞሮ አልቆመም፤ ከነእኔ ሆዱ ሥር ገባ። ድንጋይ ላይ ወደቅሁ፤ በአንገቴና በትከሻዬ መካከል ያለው አጥንት ተሰበረ። ዳማ ሆዱ ሥር የተንጠለጠለውን ኮርቻ በኋላ እግሩ እየረገጠ ሜዳውን ዞረ። ልጆች ናቸው ይዘው ያረጋጉት። ላሚቱ ጋ አልደረስኩም።

ነቀምቴ ሄጄ ታከምኩ፤ ክንዴ ታስሮ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ተኝቼ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ጠፍሩ ልል ነበር። ሌላ ምክንያት አልመጣልኝም። ወደ ሥራ ስመለስ ከነቀምቴ ገበያ፣ የአሮጌ መኪና ዕቃ ከሚሸጡበት፣ የጭነት መኪና የወንበር ቀበቶ ገዛሁ። የማይበጠስ፣ የማይለጠጥ ነገር ፈልጌ ነው። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውንም ድብዳብ ሁለት አደረግሁት፤ ለጀርባው እንዲመቸው ብዬ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት።

ዳማ ቀበቶውን ሳነሳ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፍ ጀመር። ስስበው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ደረቱን ይነፋል፤ እኔ እስኪያስተነፍስ ጠብቄ እንደገና እስባለሁ፤ አሸነፍኩት ብዬ። አንድ ቀን አንገቱን አዙሮ ክንዴን ነከሰኝ። መታሁት። በልጓሙ ጠፍር አፍንጫው ላይ መታሁት። ከዚያ በኋላ ቀበቶውን ሲያይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ሆነ፤ እኔም ገራሁት ብዬ ለሰው አወራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቀበቶውን ስፈታ ከግራ ክርኑ ኋላ ፀጉሩ ተልጦ፣ ቆዳው እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ አገኘሁት። ለአንድ ቀን አሳርፌ ቀበቶውን ከቁስሉ ትንሽ ወደ ኋላ ወሰድኩት። የዳማ ሆድ ደግሞ ክብ ነው፤ ቀበቶው ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ተመልሶ እዚያው ቁስሉ ላይ መጣ። ጫንቃው ላይም ሁለት እብጠት ወጣ። በዚህ ሁሉ መሀል ኮርቻው አሁንም ይዞራል። ወደ ቀኝ ሲያጋድል በየመንገዱ እየወረድኩ አስተካክላለሁ።

በዚያ ቀበሌ ፈረስ ሲታመም ሰው ከእኔ በፊት የሚጠይቃቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። አስቀድሜ ስለማላከብራቸው ወደ እሳቸው ሄጄ አላውቅም ነበር። በኅዳር አንድ ቅዳሜ እሳቸው ደጅ ሳልፍ ተነስተው ልጓሙን ያዙ። ለእኔ ሰላምታ ሳይሰጡ ለፈረሱ ሰጡት፤ እጃቸውን አንገቱ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ኮራን ኩን ከን ፈርደ ከና ሚቲ» አሉኝ፤ ይህ ኮርቻ የዚህ ፈረስ አይደለም ማለታቸው ነው።

«ኦቦ፣ ጠፍሩ ነው ያስቸገረኝ፤ አልጠብቅ ብሎኝ ነው» አልኩ።

«ዶክተር፣ ውረድ» አሉኝ በአማርኛ። እዚያ ሰዉ ሁሉ ዶክተር ነው የሚለኝ።

ኮርቻውን አወረዱት። ዳማ አልቦት ነበር። ጀርባው በላብ ረጥቦ ሳለ ከትከሻው አጥንት ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ መዳፍ የሰፋ ቦታ ደርቆ ቀርቷል። በጣታቸው አሳዩኝ። ኮርቻው አብዝቶ የሚጫነው ቦታ አያልብም፤ ይህን እኔም ማስተማሪያ መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ በራሴ ፈረስ ላይ ግን ስንት ቀን አይቼ አላስተዋልኩም። ከዚያ ድብዳቡን ሁለቱንም ጥለው ኮርቻውን ባዶ ጀርባው ላይ አስቀመጡት፤ ያለ ጠፍር። በአንድ ጣታቸው ጎኑን ገፋ አደረጉት። እንደ ሚዛን ተወዛወዘ። ኮርቻው ጀርባው ላይ አልተቀመጠም ነበር፤ ጠባብ ስለነበር ከላይ ቆሞ፣ በሁለት ጠርዙ ቆንጥጦ ይዞት ነው የነበረው። እጄን በሥሩ እንዳስገባ ነገሩኝ። ከፊት በኩል ጣቴ አልገባም። መሀሉ ላይ ክንዴ ያልፋል።

ቀጥለው የራሳቸውን ፈረስ ኮርቻ አምጥተው ያለ ጠፍር በራሳቸው ፈረስ ላይ ጫኑ፤ ልጓሙንም ይዘው ግቢውን አንድ ዙር ዞሩ። ኮርቻው አልወደቀም። ያ ፈረስ ከዳማ የባሰ ድብልብል ነው። ጠፍሩ ለምንድን ነው ታዲያ ብዬ ጠየቅኋቸው። ለአደጋ ነው አሉኝ። ኮርቻውን የሚይዘው ጀርባው ነው፤ ጠፍሩ የሚጠብቀው ድንገት የሚመጣውን ነው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። የሆነው ነገር ለባለሙያ ቀላል ነው። ክብ ግንድ ላይ ቀለበት አጥልቀህ የፈለግኸውን ያህል ብታጠብቀው መዞሩን አይተውም፤ እንዳይዞር የሚያደርገው ማጥበቁ ሳይሆን የተቀመጠው ነገር ቅርጽ ነው። ሾል ያለ ጫንቃ ያለው ፈረስ ኮርቻውን ራሱ ይይዝለታል፤ ድብልብሉ ፈረስ ግን ጫንቃው በሥጋ ተሸፍኖ ስለሚሞላ የሚይዝ ነገር የለውም፤ የኮርቻው ሳንቃዎች በሙሉ ገጻቸው ካላረፉ በቀር። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ድብዳብ በመጨመሬ ኮርቻውን ይበልጥ ከፍ አድርጌ አጠበብኩት፤ የጠበበው ጫማ ላይ ሁለተኛ ካልሲ እንደ ማጥለቅ ነው። ቀበቶውን ሳጠብቅ ደግሞ የምጎዳው ቆዳውን ብቻ አልነበረም። በአውስትራሊያ በእሽቅድምድም ፈረሶች ላይ የተደረገ ጥናት ጠፍራቸው በጣም የጠበቀባቸው ፈረሶች ቶሎ እንደሚደክሙ አሳይቷል። ዳማ ዳገት ላይ ሲቆምብኝ ሰነፍ ነው እያልኩ ተረከዜን እጨምርበት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እኔ ስወድቅ የሰበርኩት ያ የአንገትና የትከሻ መካከል አጥንት ፈረስ ጭራሽ የለውም። የፈረስ ደረት በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል የተንጠለጠለው በጡንቻ ብቻ ነው፤ እግሩን ወደ ፊት ሲዘረጋ የትከሻው አጥንት የላይኛው ጫፍ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኮርቻው ትከሻው ላይ ከወጣ በእያንዳንዱ እርምጃ አጥንቱ ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል። ከሻምቡ እስከ ቀበሌው ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥሬ አላውቅም።

በማግስቱ ከክሊኒኩ ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዤ ወጣሁ። ዳማን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቆምኩትና ሽቦውን ከትከሻው አጥንት ሁለት ጣት ኋላ በጀርባው ላይ አጎበጥኩት፤ ቅርጹን እንደያዘ አንስቼ በመድኃኒት ካርቶን ላይ በእርሳስ ነደፍኩት። መሀሉን፣ ከዚያም ኮርቻው የሚያበቃበትን ቦታ እንዲሁ ለካሁ። ሦስቱን ካርቶኖች ቆርጬ በአባቴ ኮርቻ ሥር አስገባኋቸው። የፊተኛው ካርቶን አልገባም፤ ኮርቻው በአራት ሴንቲ ሜትር ይጠብ ነበር።

ካርቶኖቹን ይዤ ሻምቡ ከተማ ኮርቻ የሚሠራ ሰው ጋ ሄድኩ። የአባቴን ኮርቻ አገላብጦ አየው፤ የሠራውን ሰው እጅ አደነቀ። ሳንቃዎቹን ከውስጥ ቢፍቃቸውም ችግሩ ከማጋጠሚያው ስለሆነ አይፈታም አለኝ። «ካልሰበርኩት አይሰፋም፤ ልስበረው?» አለ። ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከግንቦት ጀምሮ ያሰብኩት ስለ አባቴ ነው፤ ስለ ዳማ አንድ ቀን አላሰብኩም። ኮርቻው ለአንድ ለከሳ፣ ጫንቃው ለሾለ የጎጃም ፈረስ በልክ የተሠራ ነበር። አባቴ ያንን ፈረስ ሲሸጥ ኮርቻውን አብሮ ያልሸጠው ስለሚወደው ነው፤ እኔም ይህን ፈረስ ያቆሰልኩት በዚያው ፍቅር ነው። አይሰበርም አልኩት። አዲስ ሥራልኝ አልኩት።

ከዋንዛ ሠራው፤ ቀላልም ጽኑም ነው። ሳንቃዎቹን በካርቶኖቹ ልክ ጠረባቸው፤ ሁለት ጊዜ ዳማን ይዤለት ሄጄ በጀርባው ላይ አስቀምጦ የሚነካውን ቦታ በከሰል እየለየ ፋቀ። በመጨረሻ እርጥብ የበሬ ቆዳ ለበጠበት፤ ቆዳው ሲደርቅ ራሱ አንቆ ያያይዘዋል። በአከርካሪው ላይ ከፊት እስከ ኋላ ሦስት ጣት የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ተወለት። እዚያ ላይ ምንም መንካት የለበትም፤ ሲቀመጡበትም ጭምር።

ጠፍሩን ግን የመረጡልኝ ሽማግሌው ናቸው። የመኪናውን ቀበቶ በእጃቸው ይዘው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ላይ ጎተቱት፤ ቆረጣቸው። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከመነዳሪ ቆርጠው የሚጠቀሙም አሉ፤ እሱ ደግሞ ይለጠጥና ላቡን አፍኖ ቆዳውን ያበስለዋል፤ ነቀምቴ ላይ በጋሪ ፈረሶች ስንቱን አይቻለሁ። የእሳቸው ምርጫ ሸማኔ የሸመነው ወፍራም ጥጥ ነው፤ መዳፍ ሙሉ ስፋት ያለው፣ ተደርቦ የተሰፋ፣ ላብ የሚጠጣና የሚታጠብ። ርዝመቱን በዳማ ላይ ለኩት። ሁለቱ ዘለበቶች ከክርኑ በላይ፣ ግራና ቀኝ በእኩል ከፍታ እንዲያርፉ አደረጉት። ዘለበት ክርን አጠገብ ከወደቀ በየእርምጃው ይገርፈዋል፤ የእኔ የወደቀው እዚያ ነበር።

ድብልብል ፈረስ ላይ ጠፍር የት ያርፋል የሚለው ነገር ከሁሉ ያስቸግራል። እኛ የፈለግነው ቦታ ላይ አያርፍም፤ ደረቱ ወደ ጠበበበት ይሄዳል፤ ያ ቦታ ደግሞ ሆዳም ፈረስ ላይ ወደ ፊት፣ ወደ ክርኑ የቀረበ ነው። ኮርቻው በአንድ ጠፍር ከፊቱ ብቻ ከታሰረ ጠፍሩ ወደ ፊት ሲሄድ ኮርቻውንም ትከሻው ላይ ይጎትተዋል። ሽማግሌው ከኮርቻው ፊትና ከመሀሉ አለፍ ብሎ ሁለት ጠፍር አወረዱ፤ ሁለቱን በጎኑ ላይ በአንድ የብረት ቀለበት አገናኙና ከቀለበቱ ወደ ሆዱ አንዱን ሰፊ የጥጥ ጠፍር አሳለፉ። አንዱ ወደ ፊት ሲጎትት ሌላው ወደ ኋላ ይይዘዋል። ለቁልቁለቱ የጅራት ማሰሪያ ጨመሩበት፤ ጅራቱ ሥር የሚገባውን በጨርቅ ጠቅልለው አለሰለሱት፤ ወገቡ ላይ መዳፍ እንዲያሳልፍ ላላ አደረጉት። ለዳገቱ የደረት ማሰሪያ።

ይህ ሁሉ የተሠራው ዳማ ሳይጫን ነው። አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ግማሽ ሊትር ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው እየጨመርኩ ጠዋት ማታ ቁስሉን አጠብኩለት፤ ዝንብ ከለከልኩ፤ ለልክ ከተቀመጠው በቀር ሁለት ወር ጀርባው ላይ ምንም አላረፈም። በእግሬ ሠራሁ። ሁለት ሰዓት የነበረው መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። በጨው ጭነት ያሳፈርኳትን እናት በዚያ ወቅት መንገድ ላይ አግኝቻት ይቅርታ ጠየቅኋት። ፈረስህ የት ሄደ አለችኝ፤ ያደረግሁትን ነገርኳት።

በዚያው በጉዱሩ ምድር እምባቦ የሚባል ቦታ አለ። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተዋግተውበታል፤ ለሸዋ ድል ትልቁን ድርሻ የያዙት የራስ ጎበና ዳጬ የኦሮሞ ፈረሰኞች ናቸው። ታሪካችን የጌቶቹን የፈረስ ስም አይረሳም፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ጎበና አባ ጥጉ ይባላሉ። ጦርነቱ የተደረገው በሰኔ አፋፍ፣ ዝናቡ በጀመረበት ወቅት ነው። በጭቃ ውስጥ ሲጋልብ ኮርቻው የዞረበት ፈረሰኛ ዕጣው ምን እንደሚሆን ከወደቅሁ በኋላ ነው የገባኝ። እነዚያን ሁሉ ኮርቻዎች በየፈረሱ ጀርባ ልክ የጠረበ፣ ጠፍሩን የገመደ ሰው ነበረ፤ የአንዱንም ስም አናውቅም። ለእኔ እነሱን የሚያህል ባለሙያ የለም። ያንን እውቀት በእጃቸው የያዙ ሽማግሌዎች ዛሬም በሆሮ፣ በአርጆ፣ በሰላሌ፣ በአዊ አሉ፤ እኔን መሰል የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ደግሞ በደጃቸው በፈረስ ያልፋል።

በጥር ወር ዳማን በአዲሱ ኮርቻ ስጭነው ጆሮውን አጠፈ፤ ተንቀጠቀጠም። ቀስ ብዬ ጠፍሩን ልል አድርጌ አሰርኩና ሃያ እርምጃ አስኬድኩት፤ ከዚያ በግራ አንድ ቀዳዳ፣ በቀኝ አንድ ቀዳዳ ጨመርኩ። ፊተኛ እግሮቹን በየተራ ወደ ፊት ሳብ አደረግሁ፤ ጠፍሩ ሥር የተጨማደደ ቆዳ እንዲዘረጋ። በደረቱ ሥር ሁለት ጣቴን ጠፍጣፋ አድርጌ አስገባሁ፤ ገቡ። እንደ ድሮው በእርካቡ ተንጠልጥዬ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ቆሜ ወጣሁ። እስኪላመድ ድረስ በየቀኑ እንዲሁ አደረግሁ። ጆሮው የተመለሰው በመጋቢት ነው። ኮርቻው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልዞረም፤ ያችን ጅረት ስንት ጊዜ ተሻገርናት።

በ2009 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ ስዛወር ዳማን ለሽማግሌው ልጅ ሸጥኩለት። ከነኮርቻው ነው የሸጥኩት፤ ኮርቻው የእሱ ነውና። ከግራ ክርኑ ኋላ የነበረው ቁስል ሲድን ፀጉሩ ነጭ ሆኖ በቅሏል፤ ጫንቃው ላይም ሁለት ነጭ ነጥብ አለ። ያ ፀጉር ወደ ዳማነቱ አይመለስም። የአባቴ ኮርቻ ነቀምቴ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ቅቤ እቀባዋለሁ።

ፈረስ ያላችሁ ሰዎች፣ ለመስቀልም ለኢሬቻም የምትጭኑት በመስከረም ነው፤ ፈረሳችሁ ከክረምቱ ሣር የወጣበት፣ ከዓመቱ ሁሉ የሰፋበት ወር ነው። ግንቦት ላይ የነበረውን የጠፍር ቀዳዳ አትመኑት። ከመውጣታችሁ በፊት ድብዳቡን አንሱ፣ ኮርቻውን ባዶ ጀርባው ላይ አስቀምጡ፣ በአንድ ጣት ግፉት። ከተወዛወዘ በዚያ ቀን በእግራችሁ ሂዱ።